የማዳም ናዝሊ የቤት ሥራ

ኖቬምበር 16፣ መጥረጊያዋ የገባች ዕለት

እዚህ የክረምት ማዕበሎች በየዓመቱ ቀናቸውን ጠብቀው ይመጣሉ፣ ሁሉም የየራሳቸው ስም አላቸው፤ የመጀመሪያዋ፣ መጥረጊያዋ፣ ዛሬ ማለዳ ገባች። የባሕር ዳሩን መንገድ የኮርኒሹን ወረቀት፣ ድመትና ሰው አንድ ላይ ጠራርጋ ወደ ውስጥ ሰፈር ስትነዳ እኔንም ማዳም ናዝሊ ሱቅ አስገባችኝ።

ይህን ደብተር የገዛሁት በኢንሳፍ ምክንያት ነው። ባለፈው ዓርብ ኮርኒሹ ላይ የተጠበሰ ስኳር ድንች እየበላን ሳለ፣ «ባህጋት፣ አንተ እኮ የጀመርከውን ዓረፍተ ነገር አትጨርስም» አለችኝ። ከተጫጨን ሰባት ዓመታችን ነው፤ ድክመቴን እንዲህ ፊት ለፊት ስትነግረኝ የመጀመሪያዋ ነው። እኔም ምክር የማልሰማ ሰው አይደለሁም። በማግስቱ የሙሽራ ልብስ ከሚያከራይ ሱቅ መስኮት ላይ «የፈጠራ ጽሑፍ ትምህርት፣ ለጀማሪዎችና ተስፋ ለቆረጡ» የሚል ማስታወቂያ አየሁና ተመዘገብኩ።

ለኢንሳፍ ስነግራት ረጅም ጊዜ አየችኝ።

«የጽሑፍ ትምህርት?»

«አዎ።»

«ዓረፍተ ነገር ለመጨረስ?»

«አዎ!»

የያዘችውን ስኳር ድንች ለድመት ሰጠችው። ደስታ የምግብ ፍላጎት ይዘጋል ይባላል።

የምንማረው ከሱቁ ጀርባ ባለ ክፍል፣ ነጭ በለበሱ ጭንቅላት የለሽ የልብስ ማሳያ አሻንጉሊቶች መካከል ተቀምጠን ነው። ማዳም ናዝሊ የሱቁ ባለቤት ናት። በወጣትነቷ አንድ የአጭር ልቦለድ መጽሐፍ አሳትማለች፤ አሁን እያስተማረች ቀሚስ በልክ ታጠብባለች። መርፌዎቹን በጥርሷ ስለምትይዝ የምትለውን ግማሹን መገመት ያስፈልጋል። ከጎኔ ያለው ቀሚስ ማንም ተከራይቶት አያውቅም አሉ፤ እጅጌው ሁለት ሰው ያስገባል። ከፊቴ የሚቀመጠው ኮሎኔል ዛግሉል ከትራፊክ ፖሊስ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። ፊሽካውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ይመጣል፣ አንድ ሰው «ጨረቃ» ብሎ በጻፈ ቁጥር ይነፋል።

የመጀመሪያው የቤት ሥራ፦ ለበደላችሁት አትክልት የይቅርታ ደብዳቤ ጻፉ።

ኖቬምበር 18

ለባሚያ ሦስት ገጽ ጻፍኩ። እማዬ ከትከሻዬ በላይ ሆና አነበበችና፣ «ለባሚያ ሦስት ገጽ! ለሐጅ በዩሚ ስለ ቁምሳጥኑ አንድ መስመር መልስ መስጠት አቅቶህ!» አለችኝ።

ሐጅ በዩሚ የኢንሳፍ አባት ናቸው። ዕድሜ ልካቸውን የመርከብ ወጥ ቤት ኃላፊ ነበሩ፤ ዛሬም የሚያናግሩት ሰው ሁሉ የተራበ መርከበኛ ይመስላቸዋል። የሙሽራ ቤት ያለ መስታወት ቁምሳጥን ቤት አይደለም ይላሉ፤ ማንም የማይጠጣባቸው ስኒዎች የሚደረደሩበት፣ እንግዳ የሚያየው፣ ግድግዳ የሚያህል። የእኔ ሳሎን ደግሞ ጠባብ ነው። የጂኦግራፊ መምህር ስለሆንኩ በልኬት አረጋግጫለሁ፤ ቁምሳጥኑ ከገባ በሩ አይከፈትም። እማዬ የሙሽሪት ወገን ያምጣ ትላለች፣ እሳቸው የሙሽራው ይላሉ። ለእኔ ሁለቱም ወገን እውነት አለው፣ ስለዚህም የሚሻለው ለጊዜው

ኖቬምበር 28

ሁለተኛው የቤት ሥራ፦ የማታውቁትን ሰው ተከተሉ፣ ወዴት እንደሚሄድ ሳትጠይቁ ድረሱበት፣ ከዚያ ጻፉ።

ከትራም ጣቢያ ቦርሳ ያነገተ፣ ፊቱን ያኮሳተረ ሰው መረጥኩ። ሚስቱን የከዳ፣ ወይም የሚፈለግ ሰው ነው ብዬ ጠረጠርኩ። በየሕንጻው ይገባል፣ ይወጣል፣ ዙሪያውን ያያል። ዝናብ እየመታኝ ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ተከተልኩት። በመጨረሻ የገዛ ሕንጻዬ ውስጥ ገባ፣ የገዛ ፎቄን ወጣ፣ የገዛ በሬን አንኳኳ። የመብራት ቆጣሪ አንባቢ ነው። «ኡስታዝ፣ ሲከተሉኝ ነው የዋሉት፣ ቤት ሰው የለም ብዬ ሁለቴ ተመልሻለሁ» ብሎ ተቆጣኝ።

ማታ ኢንሳፍ ደወለች። የኩዌት በጋ ስንት ዲግሪ እንደሚደርስ ጠየቀችኝ። በሰባት ዓመት ውስጥ ስለ ትምህርቴ ጠይቃኝ አታውቅም! ሃምሳ ይደርሳል አልኳት፤ ከዚያ ስለ በረሃ ነፋስ፣ ስለ እርጥበት፣ የጥጥና የተልባ እግር ልብስ ብቻ እንደሚለበስ ሁሉ ዘረዘርኩላት። አላቋረጠችኝም። በመጨረሻ «አመሰግናለሁ፣ ጠቅመኸኛል» አለች። ጽሑፍ መማሬ ስለ እኔ ያላትን ግምት ከፍ እያደረገው ነው።

ዲሴምበር 5፣ ቃሲም

ቃሲም የተባለው ማዕበል የእማዬን የሽንኩርት ማሰሮ ከሰገነት ላይ ወሰደው።

የቤት ሥራ፦ የምትወዱትን ሰው በማቀዝቀዣችሁ ዓይን አይታችሁ ግለጹ።

ኮሎኔል ዛግሉል ስለ ባለቤቱ ያነበበው እንዲህ ነበር፤ «ትከፍተኛለች። ረጅም ሰዓት ታየኛለች። ውስጤ ምንም እንደሌለ አውቃ ትዘጋኛለች። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ምናልባት ተለውጬ እንደሆነ ብላ ደግማ ትከፍተኛለች።» ማዳም ናዝሊ መርፌዎቹን ከአፏ አወጣች። ኮሎኔሉ አፈረና ራሱ ላይ ፊሽካ ነፋ።

እኔ ስለ ኢንሳፍ መጻፍ አልቻልኩም። የእኔን ማቀዝቀዣ ከፍታ አታውቅም። ስትመጣ ሳሎን ነው የምትቀመጠው፣ እንደ እንግዳ። ይህን ሳስብ ሆዴን አንዳች ነገር ወጋኝ፤ የእማዬ ኮምጣጤ ሽንኩርት ነው መሰለኝ።

ወደምትሠራበት ፋርማሲ ሄጄ ፎቶዋን ሰጠችኝ። አራት አሳጥባ አንዱ ተርፏት ነው። ከኋላዋ ነጭ ግድግዳ፣ ጆሮዎቿ ሁለቱም ይታያሉ፣ ፈገግታ የለም። ከቦርሳዬ ውስጥ አስገባሁት።

ዲሴምበር 20

ኢንሳፍና ሐጅ እኛ ቤት መጡ። ማዕበሉ መስኮቱን ይደበድባል፣ እኛ ስለ ቁምሳጥን እንነጋገራለን። እማዬ እንደ ልማዷ የኢንሳፍን እጅ ይዛ፣ «የኔ እመቤት፣ ይሄ ቤት እኮ ያንቺ ነው። ክፍሌም አልጋዬም ያንቺ ነው» አለቻት። የእማዬ ክፍል ባሕሩ የሚታይበት ሰፊው ነው። ኢንሳፍም እንደ ልማዱ፣ «ያኑርልኝ ታንት ፊክሪያ፣ ባለቤቱን አያሳጣው» አለች፤ እማዬን «ታንት» የምትላት አክስቴ ለማለት ነው።

ሐጅ አምስት ቁራጭ ባስቡሳ፣ የእማዬን የሰሞሊና ኬክ፣ በልተው፣ «እኔ ሰው አላስቸግርም። ቁምሳጥን ብቻ ነው ያልኩት። መርከብ ላይ እንኳ ስኒ ማስቀመጫ አለ» አሉ።

«መርከብ ሰፊ ነው፣ ሐጅ» አለች እማዬ።

«መርከብ ሰፊ ነው? ሴትዮ፣ መርከብ ላይ ተኝተሽ ታውቂያለሽ?»

ኢንሳፍ በዚህ መሃል እኔን ታየኛለች። ምን እንደምትጠብቅ ስላልገባኝ ስኳር አቀበልኳት።

ጃንዋሪ 12፣ ትልቁ ጎርፍ የሚባለው ማዕበል

ኢንሳፍ ትልቅ ሻንጣ ገዛች። ቡናማ፣ ጎማ ያለው። ጎማውን እንድሞክርላት ጠርታኝ ኮርኒሹ ላይ ወዲያ ወዲህ ጎተትኩት። ጥሩ ይንከባለላል። ለትዳራችን ልብስ መሰብሰብ ጀምራለች ማለት ነው! የቁምሳጥኑ ጉዳይ ሳይፈታ ይህን ያህል ተስፋ ማድረጓ ልቤን ነካው።

«ብዙ ልብስ ይይዛል» አልኳት።

«ይይዛል» አለች።

«ለስንት ጊዜ የሚሆን?»

«ለሁለት ዓመት» አለች።

ሳቅኩ። እሷም ልትስቅ ሞክራ ነበር።

ጃንዋሪ 19

ፈተና እያረምኩ ነው። ዘጠና ልጆች ናይል ወደ ደቡብ ይፈሳል ብለዋል። ችኮላ ላይ ነኝ።

ሐጅ ዳቦ መሸጫው ጋ ለሻጩ ሲናገሩ ሰማሁ፦ «ከማርች በኋላ ቤቴ ባዶ ነው የሚሆነው፣ ግማሽ ዳቦ ይበቃኛል።» ስለ ሰርጋችን ነው! እኔን ሲያዩ ግን ፊታቸው ተለዋወጠና ስለ አየሩ ጠየቁኝ። ደስታቸውን መደበቅ አያውቁበትም።

ፌብሩዋሪ 6

የዛሬው የቤት ሥራ፦ ቀኑን ሙሉ በጥያቄ ብቻ ተናገሩ።

ማታ በዝርዝር እጽፋለሁ።

ፌብሩዋሪ 6፣ ማታ

ትምህርት ቤት ላይ ጥሩ ሄደ። ርዕሰ መምህሩ «ፈተናውን አርመህ ጨረስክ?» ሲለኝ «እርስዎ ምን ይመስልዎታል?» አልኩት፤ ሰግቶ ሄደ። በረኛችን ሺሃታ «ኡስታዝ፣ ደህና አደሩ?» ሲለኝ «በዚህ ዘመን ደህና የሚያድር ማን አለ?» አልኩት፤ እንባው ቀረረና የሚስቱን ሕመም ነገረኝ።

ከዚያ ኢንሳፍ ጋ ሄድኩ። የቤት ሥራውን ልነግራት አልቻልኩም፤ መንገር ጥያቄ አይደለም። ሻይ ቤት ገብተን ሳህለብ፣ ትኩሱን ወፍራም የወተት መጠጥ፣ አዘዝን።

«ባህጋት፣ የሆነ ነገር ልጠይቅህ ነው» አለች።

«ለምን አትጠይቂም?»

«ልሂድ ወይስ ልቅር?»

«ወዴት?»

«ልቅር ብትለኝ እኮ እቀራለሁ።»

«ለምን ትሄጃለሽ?»

«መልስ ስጠኝ እንጂ! ፈልገህ ታውቃለህ? ከልብህ፣ ቁምሳጥኑን፣ እናትህን፣ አባቴን ሁሉ ትተህ?»

እዚህ ላይ አዎ ማለት ፈለግሁ። አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ግን አዎ ጥያቄ አይደለም፤ እኔ ደግሞ የመጣልኝን ሁሉ በደንብ ፈጽሜ የማላውቅ ሰው ስለሆንኩ ቢያንስ ይህን አንድ የቤት ሥራ ልፈጽም ብዬ፣

«አንቺስ ምን ይመስልሻል?» አልኳት።

ሳህለቡን ሳትጨርስ ተነሳች። ሒሳቡን ራሷ ከፍላ ሄደች። ከንፋሱ ጋር ስትታገል በመስታወቱ አየኋት፤ ሮጬ ልይዛት ነበር፣ ግን አስተናጋጁ «ሌላ ይጨመር?» ሲለኝ «ለምን አይጨመርም?» አልኩት፤ ሁለት ተጨማሪ ሳህለብ መጣ።

ፌብሩዋሪ 7

ማዳም ናዝሊ በሥራዬ ተደሰተች፣ «እውነተኛ ግጭት አለበት» አለችኝ። ኮሎኔል ዛግሉል ግን ከክፍል ሲወጣ ክንዴን ይዞ ወደ ጥግ ወሰደኝ።

«ልጄ፣ አርባ ዓመት መንገድ ላይ ቆሜአለሁ። አረንጓዴ በርቶለት የማይሄድ ሾፌር ቀይ ከሚጥሰው ይብሳል።»

«ምን ማለትዎ ነው?»

«አሁንም በጥያቄ ነው የምታወራው?» አለና ፊሽካውን ነፋብኝ።

ልክ ነው። ደብዳቤ ልጽፍላት ጀምሬ ነበር፤ «ውድ ኢንሳፍ፣ ትናንት ልልሽ የፈለግሁት» ብዬ እዚያ ቆምኩ። ቀጥሎ የሚመጣውን አውቀዋለሁ። አውቄ ነው የቆምኩት። ፈሪ ነኝ፤ ሌላ ስም የለውም። ይህን ገጽ እቀድደዋለሁ።

ማርች 3

ኢንሳፍ ስልክ አታነሳም። ፋርማሲዋ ጋ ስሄድ ሌላ ልጅ ቆማለች። «ሥራ አስረክባለች» አለችኝ፤ ፈቃድ ወስዳ ይሆናል። ለእማዬ ስነግራት ደግሞ፣ «ያቺ ልጅ ልትሄድ ነው ተብሏል፣ ሰምተሃል?» አለችኝ። የጎረቤት ወሬ አልሰማም አልኳት።

ሐጅ በዩሚ ደወሉ። «ረቡዕ ማታ ከእናትህ ጋር ና። ጉዳያችንን እንቋጫለን» አሉ። እማዬ «ቁምሳጥኑን ነው» ብላ እንደገና ሳሎኑን ለካች። በአንድ ክረምት አልሰፋም።

ማርች 8

ማዳም ናዝሊ የመጨረሻውን የቤት ሥራ ሰጠችን። መርፌዎቿን አውጥታ ነው የተናገረችው፦

«ነገ ከማለዳ እስከ እኩለ ሌሊት፣ ሰው በትህትና የሚያቀርብላችሁን ሁሉ እሺ በሉ። እንብላ ካሏችሁ ብሉ። ያንተ ነው ካሏችሁ ውሰዱ። ከዚያ ሰው እንዴት እንደሚሆን ጻፉ።»

ኮሎኔል ዛግሉል ብድግ አለ። «ማዳም፣ ይሄ ወንጀል ነው! ይህች አገር እኮ የቆመችው ሁላችንም እምቢ ስለምንል ነው!»

«እኔም ላየው የምፈልገው ምን ያህል እንደምትቆም ነው» አለች።

ማርች 9፣ የሑሱም ማዕበል ዕለት፣ እጅግ መሽቷል

በቅደም ተከተል ልሂድ።

ጠዋት። ሺሃታ ደረጃው ሥር ፉሉን ፊቱ አድርጎ ተቀምጧል። «ኑ ኡስታዝ፣ እንብላ!» አለኝ። እዚህ ሕንጻ ከገባሁ ጀምሮ በየማለዳው እንብላ ሲለኝ ኖሯል፤ እኔም «ይባርክልህ» እያልኩ አልፌያለሁ። ዛሬ ተቀመጥኩ። ዳቦውን ቆረስኩ፣ ሽንኩርቱን በላሁ። ሺሃታ እያንዳንዱን ጉርሻ በዓይኑ እስከ አፌ ይሸኘዋል። ስነሳ «ነገም ይመጣሉ?» አለኝ በፍርሃት።

ታክሲ። ልከፍል ስል ሾፌሩ ደረቱን ነክቶ፣ «ይተዉት ኡስታዝ፣ በእኛ ይሁን» አለ። «አላህ ይስጥልኝ» ብዬ ወረድኩ። በሩን ክፍት፣ መኪናውን መሃል አስፋልት ትቶ ሮጠ። «ኡስታዝ! ኡስታዝ! ለወጉ እኮ ነው ያልኩት! ኧረ የልጆች አባት ነኝ!» ሰው ተሰበሰበ። ከፈልኩት፤ ለማዳም ናዝሊ ይህን አልነግራትም።

ትምህርት ቤት። የርዕሰ መምህሩን ጃንጥላ «ቆንጆ ነው» አልኩት። «ያንተ ነው!» አለ። ይዤው ወጣሁ። ዞር ስል በመስኮት ዝናቡን እያየ ቆሟል፣ አፉ አልተዘጋም።

ማታ በዚያው ጃንጥላ እማዬን ደግፌ ሐጅ ቤት ደረስን። ሼህ መብሩክ፣ የላይኛው ፎቅ ጎረቤታቸው፣ ለሽምግልና ተጠርተው ባስቡሳ ይዘዋል። ጉዳዩ ከበድ እንደሚል ያኔ ገባኝ። ኢንሳፍ ሻይ አመጣች። ጣቷ ላይ ቀለበቷ አልነበረም። ዕቃ ስታጥብ አውልቃው ይሆናል አልኩ። እኔንም አላየችኝም።

ሐጅ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። እንዲህ ያለ ነገር መጀመሪያ በመልካም ቃል ነው የሚከፈተው፤ ቀለበት ሊመልስ የተነሳ ሰው እንኳ።

«ልጄ ባህጋት፣ እኛን ታውቀናለህ። ዕቃ የምንቆጥር ሰዎች አይደለንም። እኛ የምንፈልገው ሰው ነው፣ ሰው! ቁምሳጥን ምን ይሠራል? ከፈለግህ ዛሬውኑ በልብስ ሻንጣዋ ብቻ ውሰዳት። ግን...»

በየጊዜው እንዲህ ይላሉ። በየጊዜው እኔ «ኧረ ሐጅ፣ ልጅዎ ከወርቅም በላይ ናት፣ የሚገባትን ሁሉ» እላለሁ፤ ከዚያ «ግን» ይመጣል፣ ከዚያ ቁምሳጥኑ ይመጣል፣ ከዚያ ሌላ ዓመት ይመጣል። ዛሬ ደግሞ ከ«ግን» በኋላ የሚመጣው ሌላ ነገር እንደሆነ ፊታቸው ላይ አየሁት።

«እሺ» አልኩ።

«ምን እሺ?»

«እወስዳታለሁ። ሻንጣው የት አለ?»

ሐጅ የታክሲ ሾፌሩን ፊት አመጡ። አንድ ዓይነት ፊት ነው፣ እምላለሁ። እማዬ እግሬን ረገጠችኝ። «ምን ሻንጣ?» አሉ ሐጅ።

«አሁን ያሉት።»

«እኔ እኮ... ያልኩት... ሼህ መብሩክ፣ አንተ ንገረው እንጂ!»

ሼህ መብሩክ ባስቡሳውን ዋጡ። «ብለሃል፣ ሐጅ። በሁለቱም ጆሮዬ ሰምቻለሁ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው።»

ያኔ ከኮሪደሩ የጎማ ድምፅ መጣ። ኢንሳፍ ናት። ቡናማውን ሻንጣ ትጎትታለች፤ ጎማውን እኔ የሞከርኩት። ከባድ ነው፣ ሞልቷል፣ በገመድም ታስሯል።

«እንዴት በዚህ ፍጥነት አሸገችው?» አልኩ ለእማዬ።

«ያ የኩዌት ሻንጣ ነው!» ብለው ጮሁ ሐጅ። «የፊታችን ሰኞ አውሮፕላን አለባት! ሥራ አግኝታለች፣ ፈርማለች! ቀለበትህን ልመልስልህ ነው የጠራሁህ፣ አንተ ዓይነ ደረቅ!»

ኩዌት። ሃምሳ ዲግሪ። ነጭ ግድግዳ፣ ሁለት ጆሮ። ለሁለት ዓመት። ልሂድ ወይስ ልቅር። ሁሉም በአንድ ጊዜ ደረሰብኝ፣ ጃንጥላውን ተደግፌ ቆምኩ። እውነቱን ለመናገር ፎቶው ላይ ፈገግታ እንደሌለ ያን ዕለትም አይቼ ነበር። ማየት አልፈለግሁም እንጂ።

ኢንሳፍ ሻንጣውን በእኔና በአባቷ መካከል አቆመችው። «አባዬ፣ ይህን ሻንጣ ያሸግኩት ከዚህ ቤት ለመውጣት ነው። ወዴት እንደሚሄድ ለሻንጣው አልነገርኩትም።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «አንተ ደግሞ እውነቱን ንገረኝ። ይሄ ከልብህ ነው ወይስ የቤት ሥራ ነው?»

እማዬ «ከልቡ ነው!» አለች። ሐጅ «የምን የቤት ሥራ?» አሉ። ሼህ መብሩክ ሌላ ባስቡሳ አነሱ።

ልዋሽ እችል ነበር። ግን በጥያቄ ቀኑ ያየሁት ፊቷ ትዝ አለኝ።

«የቤት ሥራ ነው» አልኩ።

ቀስ ብላ ሻንጣውን ያዘች።

«የቤት ሥራው እኩለ ሌሊት ላይ ያበቃል» አልኩ። ድምፄ የእኔ አልመሰለኝም። «እኔ ግን ነገም፣ ከነገ ወዲያም፣ ማንም ባያዘኝ፣ ቁምሳጥን ቢኖርም ባይኖርም፣ አንቺን ማግባት እፈልጋለሁ፤ እንዳትሄጂብኝ እለምንሻለሁ።»

ሻንጣውን ለቀቀችው።

«ነጥቡ የት ነው?» አለች።

«የምን ነጥብ?»

«ዓረፍተ ነገሩ አልቋል ወይስ ገና ነው?»

«አልቋል።»

ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። እያለቀሰች መስሎኝ ነበር፤ እየሳቀች ነው። ከዚያ እያለቀሰች ሆነ። እማዬም ጀመረች፣ ለምን እንደሆነ ሳይገባት።

ሐጅ ግን ተነስተው ጣታቸውን ወደ እኔ ዘረጉ። «በቃሌ ይዘኸኛል አይደል? እሺ! እኔም በቃሌ ነኝ! በልብስ ሻንጣዋ ብዬ በልብስ ሻንጣዋ ብቻ ነው! መጋረጃ የለ፣ ማንኪያ የለ፣ ከዚህ ሻንጣ ውጪ አንዲት ክር አትጨመርም! ሻንጣው ዛሬ ይሂድ፣ ልጅቷ ኒካህ ስታስር ትከተለዋለች!»

ሻንጣውን በዝናብ እየጎተትኩ ወደ ቤት መጣሁ። ጥሩ ይንከባለላል።

ማርች 14

ማዳም ናዝሊ ጽሑፌን አንብባ ጨረሰች። ከጎኔ ያለውን እጅጌያም ቀሚስ ከአሻንጉሊቱ ላይ አውልቃ በወረቀት ጠቀለለች። «ይሄ ያንተ ነው» አለችኝ።

«ለወጉ ነው ወይስ ከልብዎ?»

«ውሰድና እወቅ!» አለች።

አውሮፕላኑ ዛሬ ያለ እሷ ሄደ። መስኮት ላይ ቆሜ ስጠብቅ ነበር፣ ከዚህ እንደማይታይ እያወቅሁ።

ማርች 24፣ ዓዋ፣ የመጨረሻዋ ማዕበል

ዛሬ ተጋባን። ኮሎኔል ዛግሉል የሰርጉን መኪና እንዲያልፍ መንገዱን ዘግቶ ፊሽካውን ሲነፋ ዋለ፤ ማንም አላዘዘውም። ሺሃታ ትሪ ሙሉ ፉል ይዞ መጥቶ «እንብላ» አለ፤ ከልቡ ይመስለኛል። ኢንሳፍ በዚያ ቀሚስ ውስጥ እጆቿን እስከ ክርን ደብቃ፣ «እጅጌው ይሞቃል» አለችኝ። ያኔ አላስተዋልኩትም።

ቤት ስንገባ ሻንጣውን ቀጥታ እየጎተተች እማዬ ክፍል አስገባችው።

«ልጄ፣ ተሳስተሻል» አለች እማዬ፣ «የእናንተ በዚያ በኩል ነው።»

«ታንት፣ ክፍሌም አልጋዬም ያንቺ ነው ብለውኝ አልነበር?» አለች ኢንሳፍ፣ ጉንጯን ስማ። «እሺ ብያለሁ።»

እማዬ ትራሷን ይዛ ካርታዎቼ ወዳሉበት ክፍል ሄደች። ከጥቂት ጊዜ በኋላ «ከዚህ የጎረቤቶቹ ሰገነት ሁሉ ይታያል እንዴ!» ስትል ሰማናት፤ ከዚያ ወዲህ አልወጣችም።

ማርች 25፣ ማለዳ

ዓዋ መስኮቱን ልትነቅለው ነው። ኢንሳፍ ጥርሷ እየተንገጫገጨ ሻንጣውን ከፈተችው። የተልባ እግር ቀሚሶች፣ ነጠላ ጫማ፣ የፀሐይ ባርኔጣ፣ የፀሐይ ቅባት፣ አንድ እፍኝ የሚሆን ቀጭን ጥጥ። አንድም ሹራብ የለም። ሐጅ ቃላቸውን ጠብቀዋል፤ አንዲት ክር አልተጨመረችም።

«ሃምሳ ዲግሪ ነው ብለኸኝ» አለችኝ። «ጥጥና የተልባ እግር ብቻ ብለኸኝ። አምኜህ ነው።»

ቡናማ የትምህርት ቤት ኮቴን አለበስኳት፣ ሁለት ጥንድ ካልሲዬን ደራርቤ አጠለቅኩላት፣ የርዕሰ መምህሩን ጃንጥላ ሳይቀር አልጋው አጠገብ አቆምኩላት። ስትሞቅ ወደ ወጥ ቤት ሄደች። ማቀዝቀዣው ሲከፈት ሰማሁ። ቆይቶ ተዘጋ። ቆይቶ እንደገና ተከፈተ።

እዚህ ተቀምጬ ሻንጣውን አያለሁ፤ ውስጡ ከእኔ ጋር ለመኖር የታሸገ አንድም ልብስ የለም፣ እሷ ግን እዚህ ናት።